ከማተሚያው በፊት ያለ ወረፋ፦ ስፑል ፋይልን ማስቀመጥና ዳግመኛ ማተም

በሚኒሶታ፣ በአንድ የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሌሊት ኦፕሬተር ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። በአንድ የወር መጨረሻ ሌሊት 340 ገጽ የደንበኞች ዕዳ ዝርዝር ማተም ጀመርኩ። የመስመር ማተሚያው ሽፋኑ ተዘግቶም እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ግራና ቀኙ በቀዳዳ የተደረደረው ወረቀት ከሥር ካለው ካርቶን እየተሳበ ይገባና በጀርባ በኩል እየታጠፈ ይከመራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አለቀ። ክምሩን አስሬ ሒሳብ ክፍል በር ላይ አኖርኩና ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

ጠዋት የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ክምሩን ታቅፈው መጡ። ሪባኑ፣ ማለትም ቀለም የጠጣው የማተሚያው ጥብጣብ፣ አርጅቶ ኖሮ ከ200ኛው ገጽ ወዲህ ቀለሙ እየሳሳ ሄዷል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ያለው ቁጥር የሚነበበው ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘንብለው ሲያዩት ብቻ ነው። «ግድ የለም፣ አሁን ደግሜ አትምልዎታለሁ» አልኳቸው። ሪባኑን ቀየርኩ፤ ስክሪኑ ላይ የኅትመት ወረፋውን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ፋይሉ የለም።

ያን ጊዜ ለሥራው አዲስ ስለነበርኩ ብዙም አልደነገጥኩም። ሪፖርቱን ያወጣው ፕሮግራም አለ፤ እንደገና አስነሣሁት። አዲሱ ዝርዝር 338 ገጽ ሆኖ ወጣ፤ ጠቅላላ ድምሩም ከሌሊቱ ጋር አልገጥም አለ። ነገሩ ምስጢር አልነበረውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገቡት የሒሳብ ሠራተኞች በፖስታ የመጡ ቼኮችን መዝግበው ነበር፤ ዕዳቸውን የከፈሉ ደንበኞች ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ኃላፊዋ የፈለጉት ግን በወሩ መጨረሻ ሌሊት የነበረውን ዕዳ እንጂ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያለውን አልነበረም። የሌሊቱ ዕዳ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከደበዘዘው ወረቀት በቀር በዓለም ላይ የትም አልነበረም።

ፕሮግራምን እንደገና ማስነሣትና ገጽን እንደገና ማተም ሁለት ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ለዳታቤዙ አዲስ ጥያቄ ያቀርባል፤ መልሱም የዛሬ መልስ ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ የተሰጠውን መልስ ሳይነካ ደግሞ ወረቀት ላይ ያወርዳል። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ስፑል ፋይል የሚባለው ነገር ነው።

ማሽኑን ላስተዋውቅ። በአይቢኤም የተሠራው ኤኤስ/400 ይባላል፤ ለገበያ የቀረበው በሰኔ 1988 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የተፈጠረውም እኔ ከምኖርበት ከሚኒያፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በምትርቀው በሮቸስተር ከተማ ነው። አዳራሽ ከሚሞላው ዋና ኮምፒውተር ያንሳል፣ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጠው ይበልጣል፤ ስለዚህ «መካከለኛ ኮምፒውተር» የሚለው ስም ተሰጠው። አባቶቹ ሲስተም/36 እና ሲስተም/38 ናቸው። ስሙ በ2000 አይሲሪስ፣ በ2006 ሲስተም አይ ሆነ፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ሥርዓተ ክወናው አይቢኤም አይ ተብሎ ፓወር በሚባሉት ማሽኖች ላይ ይሠራል። እኛ የድሮዎቹ ግን እስከ ዛሬ ኤኤስ/400 እንለዋለን፤ ሰው በልጅነት ስሙ ሲጠራ ይቀለዋል። ሥራው መጋዘን፣ ደመወዝ፣ ባንክና ኢንሹራንስ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል። ውበት የለውም፣ ግን አይወድቅም።

«ስፑል» በእንግሊዝኛ ክር የሚጠቀለልበት ማለት ነው፤ የእኛ ሸማኔ ቀሰም የሚለው። ኮምፒውተረኞች በኋላ ከፊደላቱ ረዘም ያለ ትርጉም አውጥተውለታል፤ እኔ ግን ከቀሰሙ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፈታይዋ ፈትላ ትጨርሳለች፣ ክሩ በቀሰም ላይ ይጠቀለላል፣ ሸማኔው በራሱ ጊዜና በራሱ ፍጥነት ከቀሰሙ እየሳበ ይሸምናል። ፈታይዋ ሸማኔውን ቆማ አትጠብቅም። በኮምፒውተሩም ፈታይዋ ፕሮግራሙ፣ ሸማኔው ማተሚያው፣ ቀሰሙ ስፑል ፋይሉ ነው።

ይህ ያስፈለገው ማተሚያ ሁልጊዜ ከኮምፒውተር ይልቅ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው። በ1959 የወጣውና በዘመኑ ዝነኛ የነበረው የአይቢኤም 1403 ማተሚያ በደቂቃ 600 መስመር ያትም ነበር። ለወረቀቱ ዓለም ይህ ግልቢያ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን በእያንዳንዱ መስመር መካከል የሚያንቀላፋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቀጥታ ለማተሚያው እንዲናገር ከማድረግ ገጾቹን በፍጥነት ዲስክ ላይ ጽፎ ወደ ሌላ ሥራው እንዲሄድ ተደረገ። ገጾቹ በወረፋ ይጠብቃሉ፤ «ጸሐፊ» የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ከወረፋው አንድ በአንድ እያነሣ ለማተሚያው ያቀብላል።

እዚህ ላይ ሳይታሰብ ትልቅ ጥቅም ተገኘ። ገጹ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ራሱን ችሎ ይኖራል። ስሌቱ አልቋል፣ ድምሩ ተደምሯል፣ ራስጌው ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ዳታቤዙ ቢለዋወጥ ገጹ አያውቅም፣ አይነካውምም። በዲስኩ ላይ እስካለ ድረስ አሥር ጊዜ ቢታተም አሥሩም አንድ ናቸው።

ታዲያ የእኔ ፋይል የት ገባ?

እያንዳንዱ ስፑል ፋይል ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ አብረውት የሚዞሩ ጠባዮች አሉት፦ ስንት ቅጂ ይታተም፣ በየትኛው ወረፋ ይቀመጥ፣ ገጹ ስንት መስመር ነው፣ የወረቀቱ ዓይነት ምንድን ነው። ብዙ ጊዜ 66 መስመር በ132 ፊደል ይሆናል፤ በአንድ ኢንች ስድስት መስመር ሲታተም 66 መስመር ልክ 11 ኢንች ይመጣል። ከእነዚህ ጠባዮች አንዷ «ሴቭ» ትባላለች፤ ከታተመ በኋላ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ? አምራቹ ሲልከው መልሱ «ይጥፋ» ነው። የመጨረሻው ገጽ በደህና ለማተሚያው ከተላለፈ ፋይሉ ራሱን ያጠፋል። ማተሚያው ሪባኑ ማርጀቱን አያውቅም፤ ወረቀቱን ማን እንዳነበበውም አያውቅም። መስመሩን ተቀብሎ መታ፣ ጨረሰ፣ በቃው።

ይህ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የዲስክ ቦታ ውድ በነበረበት ዘመን በቀን ሺህ ገጽ የሚያወጣ ድርጅት ሁሉን ቢያስቀምጥ ዲስኩ ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን ለወር መጨረሻ ሪፖርት ይህን መልስ እንዳለ መተው ቸልተኝነት ነው እላለሁ።

«ይቀመጥ» ማለት የሚቻልባቸው ጊዜያት ሦስት ናቸው። አንደኛው ከሥሩ ነው፤ ሪፖርቱ የሚወጣበትን የማተሚያ ፋይል መግለጫ አንድ ጊዜ መቀየር፣ ከዚያ በኋላ በእሱ በኩል የሚወጣ ሁሉ ይቀመጣል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ለዚያ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ነው፤ ትእዛዙ ኦቨራይድ ይባላል፣ ሥራው ሲያልቅ ይረሳል። ሦስተኛው ፋይሉ ወረፋ ላይ ሳለ፣ ጸሐፊው ሳያነሣው፣ ገብቶ ጠባዩን ማረም ነው። ይህ ሦስተኛው ሩጫ አለበት፤ ጸሐፊው ሥራ ፈት ከሆነ ፋይሉ ወረፋ ላይ የሚቆየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ኦፕሬተር አስቀድሞ ወረፋውን በሙሉ ይይዘዋል፣ ሪፖርቶቹ ይከማቻሉ፣ አይቶ አርሞ ይለቃል።

የማሽኑ ትእዛዞች አጻጻፍ ራሱ ጥቂት ቃል ይገባዋል። ወረፋውን ለማየት የሚጻፈው ትእዛዝ «ዎርክ፣ ስፑልድ፣ ፋይል» ከሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት አናባቢዎቹና አንዳንድ ተናባቢዎች ተመንጥረው የቀሩ ሰባት ፊደላት ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ ሳያቸው የጥንቱን የግእዝ ጽሑፍ አስታወሱኝ፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ዘመን የአናባቢ ምልክት እስኪጨመርለት ድረስ ግእዝም በተናባቢ ብቻ ይጻፍ ነበር። የለመደ ሰው አናባቢውን ከልቡ ሞልቶ ያነባል። እዚህ ግን ትእዛዞቹን በሙሉ ስማቸው እጠራለሁ።

ያ ስክሪን ሲከፈት ፋይሎቹ በመደዳ ይታያሉ። በእያንዳንዱ መስመር የፋይሉ ስም፣ ባለቤቱ፣ የገጽ ብዛቱና በሦስት ፊደል የተጻፈ ሁኔታው አለ። «አርዲዋይ» የሚለው ዝግጁ ነኝ፣ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። «ኤችኤልዲ» ተይዟል፤ ሰው ካልለቀቀው አይታተምም። «ኤስኤቪ» ታትሞ አልቆ ተቀምጧል። በዚያ ጠዋት ፈልጌ ያጣሁት ይህን የመጨረሻውን ነበር።

«ኤስኤቪ» የሚል ፋይል ካለ ዳግመኛ ማተም የአንድ ቁጥር ሥራ ነው። ከፋይሉ ጎን 6 ጽፎ አስገቢውን ቁልፍ መጫን፤ 6 «ልቀቀው» ማለት ነው። ፋይሉ እንደገና ዝግጁ ይሆናል፣ ጸሐፊው ያነሣዋል፣ ይታተማል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ከጎኑ ያለው 3 መያዝ፣ 5 በስክሪን ማየት፣ 2 ጠባዩን ማረም ነው። 4 ማጥፋት ነው፤ 4 እና 5 ጎን ለጎን መሆናቸው ስንት ሰው እንዳስለቀሰ የሚያውቀው የሠራበት ብቻ ነው። ደግነቱ ከማጥፋቱ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ክፋቱ ደግሞ እጅ ከዓይን ቀድሞ ማረጋገጫውን ይመታል።

ሁልጊዜ ሙሉውን ማተም አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሥራውን እንዳስተምረው አብሮኝ ይመደብ ነበር። አንድ ሌሊት ወረቀቱ ማተሚያው ውስጥ ተጨማዶ ተቀረቀረ።

«ጋሼ፣ ዘግቼ ከመጀመሪያው ላስነሣው?» አለኝ።

«አትዝጋው፤ መጀመሪያ ፋይሉን ያዘው። ከዚያ የመጨረሻው ደህና ገጽ የቱ እንደሆነ እይ።»

ወረቀቱን ዘርግቶ አየና «208» አለ። 209 ብሎ ጠባዩ ላይ «ከዚህ ገጽ ጀምር» የሚለውን ሞላ፤ ለቀቀው። የወጣው ገጽ ግን ፈጽሞ ሌላ ቅርንጫፍ ነበር። ስሕተቱ ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። ወረቀቱ ራስጌ ላይ የታተመውን የገጽ ቁጥር የጻፈው ፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በየቅርንጫፉ እንደገና ከ1 ሊጀምር ይችላል። ማሽኑ የሚቆጥረው ከፋይሉ መጀመሪያ ያሉትን ገጾች ነው። ያ ሪፖርት አራት ቅርንጫፍ ነበረው፤ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ 208 የተባለው ገጽ በማሽኑ አቆጣጠር ከ400 በላይ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በ5 ከፍቶ የሚፈለገውን ገጽ በስክሪን ማግኘት፣ ከላይ የተጻፈውን የማሽኑን ገጽ ቁጥር ማንበብ፣ እሱን መሙላት። ከዚህ እስከዚህ ብሎ ገጾችን ለይቶ ማተምም በዚሁ ቦታ ይቻላል።

ቁጥር አስቀድሞ የታተመበት ወረቀት፣ ለምሳሌ ቼክ፣ ሲሆን ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። ገጹ ያው ቢሆንም የቼኩ ቁጥር ያው አይሆንም፤ ተጨማዶ የተበላሸው ቼክ «ዋጋ የለውም» ተብሎ ካልተመዘገበ አንድ ክፍያ በሁለት ቼክ ይወጣል። ይህን የሚያስታውስ ሰው እንጂ ማሽን የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ፋይሉ እዚያው ማሽን ላይ ላለ ጊዜ ነው። ማሽኑ ቢቃጠልስ? ቢቀየርስ? አሥር ዓመት መቀመጥ ያለበት ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ድርጅት የተታለለው።

በየሌሊቱ ሁሉም ነገር ወደ ማግኔቲክ ቴፕ ይቀዳል። የኅትመት ወረፋዎቹም ከሚቀዱት ውስጥ ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው አለ፣ «ተቀድቷል» ይላል። ቴፑ ሌላ ማሽን ላይ ሲመለስ ወረፋው በስሙ ይመለሳል፣ ሲከፈት ግን ውስጡ አንድ ፋይል የለም። ወረፋው መሳቢያ ነው፤ ቴፑ ላይ የሄደው ባዶው መሳቢያ ነበር። ገጾቹ ራሳቸው የሚቀመጡት ኪው-ስፑል በሚባል የማሽኑ የራሱ ላይብረሪ (የፋይሎች ማኖሪያ) ውስጥ በዳታቤዝ መልክ ነው፤ ያን ላይብረሪ በቀጥታ ልቅዳ ሲሉት ማሽኑ እምቢ ይላል። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ማሽን በቀየረበት ቅዳሜና እሑድ የሦስት ዓመት የደመወዝ መዝገብ በወረፋ ላይ ነበረው፤ ሰኞ ጠዋት አልነበረውም። ያዳናቸው አሮጌው ማሽን ገና አለመሸጡ ነው።

ይህ ጉድለት የተዘጋው በ2006 በወጣው የሥርዓተ ክወናው ስሪት 5 ሪሊዝ 4 ነው። ከዚያ ወዲህ «ሴቭ ኦብጀክት» በሚባለው ትእዛዝ ወረፋን ሲቀዱ የስፑል ዳታውንም ጨምር ማለት ይቻላል፤ ሙሉ ላይብረሪ የሚቀዳውም ትእዛዝ እንዲሁ። ቃሉን ልብ በሉ፦ «ይቻላል»። ካልነገሩት ዛሬም የሚቀዳው መሳቢያውን ብቻ ነው። የሌሊቱ የመቅጃ ፕሮግራም ከ2006 በፊት የተጻፈ ከሆነና ማንም ካልነካው ያ ባዶ መሳቢያ እስከ ዛሬ በየሌሊቱ በታማኝነት ይቀዳል። ማረጋገጫው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ትንሽ ወረፋ ሠርቶ፣ አንድ ፋይል ጨምሮ፣ ቀድቶ፣ አጥፍቶ፣ መልሶ ማየት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

በዚህ መንገድ የተመለሰ ፋይል ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ይመጣል፤ የፊደሉ ዓይነት፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ የተፈጠረበት ቀን፣ የፈጠረው ሥራ ስምና ቁጥር ሳይቀር። በማሽኑ ላይ ያው ፋይል አስቀድሞ ካለ አይደርበውም፤ የሌለውን ብቻ ይመልሳል። እኔ ስመልስ ግን አስቀድሜ ወረፋውን እይዘዋለሁ። ዝግጁ የነበረ ፋይል ንቁ ጸሐፊ ባለበት ወረፋ ላይ ሲወድቅ የአምና ሪፖርት በእኩለ ሌሊት መታተም ይጀምራል ብዬ ስለምፈራ ነው።

ከዚያ በፊት የነበርነው ሰዎች ምን እናደርግ ነበር? በአብዛኛው «ኮፒ ስፑልድ ፋይል» በሚባለው ትእዛዝ ገጾቹን ወደ ተራ የዳታቤዝ ፋይል እንገለብጥ ነበር፤ ተራ ፋይል ቴፕ ላይ ይሄዳላ። ዘዴው ዛሬም ይሠራል፤ ስለዚህ ጠጋ ብለን እንየው።

አስቀድሞ የመዝገቡ ስፋት 133 የሆነ ፋይል ይፈጠራል። የወረቀቱ ስፋት 132 ፊደል ነው ብያለሁ፤ አንዷ ትርፍ ለምንድን ናት? በእያንዳንዱ መስመር ፊት የምትቀመጥ የማተሚያ ምልክት ናት። ምልክቷ ባዶ ከሆነች «ወደሚቀጥለው መስመር ውረድ» ማለት ነው። ዜሮ ከሆነች ሁለት መስመር፣ ሰረዝ ከሆነች ሦስት መስመር ይወርዳል። አንድ ቁጥር ከሆነች አዲስ ገጽ ይጀምራል። የመደመር ምልክት ከሆነች ደግሞ «አትውረድ፣ ባለፈው መስመር ላይ ድገምበት» ማለት ነው፤ በድሮ ማተሚያ ቃል የሚደምቀው ሁለት ጊዜ በመመታት ነበርና። ስትገለብጡ ይህን ምልክት እንዲጽፍ ካልነገራችሁት ጽሑፉ ይገለበጣል፣ የገጽ ድንበሩ ግን ይጠፋል፤ 340 ገጽ አንድ ረጅም ጥቅልል ይሆናል።

ለመመለስ ነገሩ ይገለበጣል። በኦቨራይድ ለማተሚያ ፋይሉ «በየመስመሩ የመጀመሪያዋ ፊደል ምልክት ናት፣ አትምታት፣ ታዘዛት» ይባላል፤ ከዚያ በተራው የፋይል መገልበጫ ትእዛዝ ዳታው ወደ ማተሚያ ፋይሉ ይፈስሳል። አዲስ ስፑል ፋይል ይወለዳል። ኦቨራይዱ ከተረሳ ገጹ በሙሉ አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ተገፍቶ፣ በግራ ጠርዙ ላይ ዜሮና አንድ ተሰልፈው ይወጣል። ይህን ያየ ኦፕሬተር የረሳውን ወዲያው ያውቃል። የገጹ ርዝመት ከ66 የተለየ ከነበረም በዚያው ኦቨራይድ መነገር አለበት፤ አለበለዚያ ወረቀቱና ጽሑፉ እየተንሸራተቱ ይለያያሉ።

የዚህ ዘዴ ዋጋ ምንድን ነው? አዲስ የተወለደው ፋይል የድሮው አይደለም። ስሙ፣ ባለቤቱ፣ የተፈጠረበት ቀን የዛሬ ነው። የሚተርፈው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ የፊደል ዓይነት፣ ባርኮድ፣ ሥዕል፣ ከጀርባ የተነጠፈ የድርጅት ቅጽ ሁሉም ይረግፋል። ለዕዳ ዝርዝር ምንም አይደለም። ለደንበኛ የሚላክ፣ አርማና ባርኮድ ላለው ሰነድ ግን አይሆንም። ገጹን ሳይረግፍ ቃል በቃል አውጥቶ የሚያስቀምጥና መልሶ የሚያስገባ የፕሮግራም በርም ማሽኑ አለው፤ ብዙ ድርጅቶች ከ2006 በፊት በዚያ በር በኩል የራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው ነበር። ለፕሮግራመር እንጂ ለሌሊት ኦፕሬተር የሚሆን መንገድ አይደለም።

በኋለኞቹ ስሪቶች ያው የመገልበጫ ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ መቀየርም ተጨምሮለታል። ለማንበብና በኢሜይል ለመላክ ከዚህ የሚሻል የለም። ቢሆንም ፒዲኤፍ የገጹ ፎቶግራፍ ነው። ወደ ወረፋው ተመልሶ፣ «ከገጽ 209 ጀምር» ተብሎ፣ ቁጥር ባለው የድርጅት ቅጽ ላይ በመስመር ማተሚያ እንዲወርድ አይፈልጉበት። ለመዝገብ ሁለቱንም አስቀምጡ እላለሁ፤ ፒዲኤፉን ለሰው፣ ወረፋውን ከነዳታው ለማሽኑ።

የእኛ ፊደል ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ማሽኑ ፊደል የሚቆጥረው ኤብሲዲክ በሚባል የአይቢኤም ሥርዓት ነው፤ አንድ ፊደል በአንድ ባይት፣ ከ256 በላይ ቦታ የለም። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ወደሚቆጥረው ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። በዚያ የመስመር ማተሚያ የመጋዘኑ የሥራ ባልደረቦቼ ስም ሲታተም «ጸጋዬ» የሚለው የጸ ድምፅ ተሰብሮ በላቲን ይወጣ ነበር። ዳግመኛ ማተም ይህን አያድንም፤ ያልተጻፈ ነገር ዳግመኛ አይታተምም።

ማስቀመጥ የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛው ዓይን ነው። የታተመ ደመወዝ መሳቢያ ይቆለፍበታል፤ የተቀመጠ ስፑል ፋይል ግን ወረፋው ክፍት ከሆነ በ5 ቁጥር ማንም ያነበዋል። ወረፋው ሲፈጠር ይዘቱን ማየት የሚችለው ማን እንደሆነ መወሰን ይቻላል፤ ያም ሆኖ የስፑል ሥልጣን የተሰጠው ተጠቃሚ ሁሉንም ያልፋል። ያ ሥልጣን «ማተሚያው ሲቆም እንዲያስነሡት» እየተባለ ለስንት ሰው እንደሚታደል ብትቆጥሩ ትገረማላችሁ።

ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ሁሉን አስቀምጡ ስንል ማንም የማያነበው የሥራ መዝገብም አብሮ ይከማቻል። ለዚህ ስሪት 5 ሪሊዝ 4 ሌላ ጥሩ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ለፋይሉ ሲወለድ የሚያበቃበት ቀን መስጠት ይቻላል፣ ቀኑ ያለፈባቸውንም በአንድ ትእዛዝ መጥረግ ይቻላል። ፋይል ሲጠፋ ቦታው ወዲያው ለዲስኩ አይመለስም፤ ማሽኑ ባዶውን ማኖሪያ ለሚቀጥለው ፋይል ይይዘዋል፣ ካልተነገረው በቀር ስምንት ቀን ሳይጠቀምበት ሲቀር ይለቀዋል። ስለዚህ አሥር ሺህ ፋይል አጥፍታችሁ ዲስኩ በዚያው ሰዓት ካልቀነሰ አትደንግጡ።

ወደ ሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ልመለስ። ያን ወር በመስኮት ብርሃን እያዩ በእጃቸው ገለበጡት፤ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እኔም የዚያን ሪፖርት የማተሚያ ፋይል «ይቀመጥ» አስባልኩት። በሰባተኛው ወር ኦዲተሮች መጡና የአንዱን ወር ዝርዝር ጠየቋቸው፤ ወረፋውን ከፍቼ ከፋይሉ ጎን 6 መታሁ። ወረቀቱ ወጣ። ኃላፊዋ ራስጌው ላይ ያለውን ቀን አይተው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ የታተመው አሁን፣ ቀኑ ግን ከወራት በፊት የነበረ። ማሽኑ ዋናውን ከድጋሚው የሚለይበት ምልክት አያትምም።

«ይህ የዚያን ሌሊት ነው ወይስ የዛሬ?» አሉኝ።

«የዚያን ሌሊት ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የዛሬ።»

ከመሳቢያቸው «ቅጂ» የሚል ማኅተም አውጥተው የመጀመሪያው ገጽ ላይ መቱ፤ ከሥሩም የዕለቱን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት።